ስለ ተበላሸ መኪናና በመንገድ ስለሚቀር ድንጋይ

በበቅሎና በአህያ ይነገድ በነበረበት ዘመን መንገደኞች ሁሉ የሚያውቁት አንድ ደንብ ነበራቸው። የአንዱ ሰው ጭነት በመንገድ ላይ ቢዞር ወይም ከብቱ ራሱ ቢወድቅ፥ ከኋላ የሚመጣው መንገደኛ የራሱን ጉዞ አቁሞ ያግዘው ነበረ። ይህም የሆነው መንገደኞቹ ሁሉ ደጋጎች ስለ ነበሩ ብቻ አይደለም። ጭነት በከብት ጀርባ ላይ በግራና በቀኝ የሚንጠለጠል ነውና፥ አንድ ሰው ብቻውን አንዱን ወገን ሲያነሣ ሌላው ወገን ይወርዳል። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ቆመው በአንድ ጊዜ ያነሡት እንደ ሆነ ግን ነገሩ በጥቂት ጊዜ ያልቃል። ሲራራ ነጋዴውም ዛሬ የሌላውን ጭነት ሳያነሣ ቢያልፍ ነገ የእርሱን የሚያነሣለት እንዳያጣ ይፈራ ነበረ። ከብቱ ተነሥቶ ከሄደ በኋላ በዚያ ስፍራ የሚቀር ነገር የለም፤ ምናልባት ጥቂት እህል ፈስሶ ቢገኝ ወፍ ይለቅመዋል።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዋን ኦቶሞቢል በአዲስ አበባ ከተቀበሉ ወዲህ እነሆ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል። መንገዱ ሰፍቷል፤ የቀን ጉዞም የሰዓት ጉዞ ሆኗል። ነገር ግን በመንገድ ላይ ተበላሽቶ መቆም አልቀረም። የመኪና መቆም ከበቅሎ መውደቅ የሚለይበት አንድ ነገር አለ፤ መኪናው ከሄደ በኋላ በስፍራው የሚቀር ነገር አለ። ስለዚህ ነገር ለመጻፍ ያነሣሣኝ በ2011 ዓ.ም. በግንቦት ወር በዓባይ በረሃ ያየሁት ነው።

የዓባይን በረሃ ያላያችሁ ተማሪዎች ብትኖሩ እንዲህ አድርጋችሁ አስቡት። ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚወስደው መንገድ ጎሐ ጽዮን እስኪደርስ ድረስ 185 ኪሎ ሜትር ያህል በደጋ ላይ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ምድር በድንገት ይቆረጣል። መንገዱ እየተጠማዘዘ ከአንድ ሺህ ሜትር የሚበልጥ ቁልቁለት ይወርድና ዓባይን ይሻገራል፤ ተሻግሮም ያንኑ ያህል ሽቅብ ወጥቶ ደጀን ይደርሳል። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው ርቀት 40 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ነገር ግን በደጋ ጋቢ ለብሶ የተነሣ ሰው ከወንዙ ሲደርስ ልብሱን ያወልቃል፤ ደጀን ሲወጣም እንደ ገና ይለብሳል። በገደሉ ላይ በላይ ጥቁር ድንጋይ፥ ከእርሱ በታች የኖራ ድንጋይ፥ ከዚያም ጄሶ፥ በመጨረሻም አሸዋማ ድንጋይ እንደ መጽሐፍ ቅጠል ተደራርበው ይታያሉ። በወንዙ ላይ ሁለት ድልድዮች አሉ፤ አንዱ አሮጌው፥ ሁለተኛውም በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀው የኅዳሴ ድልድይ ነው። የገደሉ አፈር የሚንሸራተት ስለ ሆነ መንገዱ በየስፍራው ይሰነጠቃል፥ ይጎብጣልም። ብዙ ጭነት ያለው መኪና በዚያ ዳገት ሲወጣ ከእግረኛ እምብዛም አይፈጥንም።

እኛ የተሳፈርንበት አሮጌ ሚኒባስ ነበረ። ነጂው ዕድሜው ወደ ስድሳ የሚጠጋ፥ ንግግሩ ጥቂት የሆነ ሰው ነው። ከተሳፋሪዎቹ መካከል ከደጀን ወዲያ ባለች ቀበሌ እናቱ ሌሊቱን ያረፈችበት አንድ ጎልማሳ ነበረ። መርዶውን በስልክ ሰምቶ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ መጥቷል። ቀብሩ በዘጠኝ ሰዓት ነው ብለውታል። ስለዚህ በየጥቂቱ ሰዓቱን ይመለከት ነበረ እንጂ ከማንም ጋር አልተነጋገረም። በአጠገቡ የተቀመጡት አንዲት አሮጊት እንጀራቸውን ቆርሰው ቢሰጡት በእጁ ይዞት ቀረ።

ድልድዩን ተሻግረን የዳገቱን እኩሌታ ያህል እንደ ወጣን ከፊተኛው መቀመጫ ሥር ነጭ እንፋሎት ወጣ፤ የተቃጠለ ላስቲክ ሽታም መኪናውን ሞላው። ነጂው ወደ ተራራው ወገን አስጠግቶ አቆመና ሞተሩን አጠፋ። እኛንም በገደሉ በኩል ሳይሆን በተራራው በኩል ውረዱ አለን። ከሁሉ አስቀድሞ ያደረገው ሞተሩን ማየት አልነበረም። የእጅ ፍሬን በእንዲህ ያለ ዳገት አይታመንምና፥ ለአራቱ ጎማ አራት ትልልቅ ድንጋይ እያመጣ ከኋላቸው ደገፈ። ሦስት ደግሞ ወደ ኋላ ራቅ አድርጎ ለምልክት በመንገዱ ጠርዝ ላይ አኖረ። ከዚያም ቅጠል ያላቸውን ቅርንጫፎች ቆርጦ አንዱን ከታች ካለው መታጠፊያ በፊት፥ አንዱንም ከላይ ካለው መታጠፊያ ወዲያ በመንገድ ላይ ጣለ። በአገራችን ነጂ የሆነ ሁሉ ይህን ቋንቋ ያውቃል፤ ቅጠል በመንገድ ላይ ያየ ሰው ከፊቱ የቆመ ነገር እንዳለ አውቆ ያዘግማል። አንጸባራቂው ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት ከቅጠል እንደሚሻል የታወቀ ነው፤ ይልቁንም በሌሊት። ነገር ግን ቅጠሉም መታጠፊያውን አልፎ እስኪታይ ድረስ መራቅ አለበት። ከተበላሸው መኪና ጥግ የተጣለ ቅጠል ለማንም አይጠቅምም። ነጂያችን ይህን ሁሉ ጨርሶ ሲመለስ ለብቻው «ሰባት» አለ። እኔም ምን እንደሚቆጥር አልገባኝም ነበረ።

መቀመጫውንም ከፍ ባደረገ ጊዜ ውኃውን በራዲያተሩና በሞተሩ መካከል የሚያመላልሰው የላስቲክ ቱቦ ተሰንጥቆ ተገኘ። ጎልማሳው ይህን አይቶ በእጁ ጨርቅ ጠቀለለና የራዲያተሩን ክዳን ሊከፍት ጎንበስ አለ። የመጠጥ ውኃ በላስቲክ ዕቃ ይዞ ነበረና እርሱን ጨምሮ ቶሎ ለመሄድ አስቦ ነው። ነጂው ክንዱን ያዘው።

«አይነካም።»

«ጋሼ፥ እናቴ እኮ ናት!»

«አውቃለሁ፥ ልጄ። ከተነካ ግን ቀብርም አትደርስ፥ ዓይንህም አይተርፍ።»

ጎልማሳው ክንዱን ነጥቆ ዘወር አለ፤ በተራራው ጥግ ቁጢጥ ብሎም ያለ ድምፅ አለቀሰ። ነጂውም በክዳኑና በእኛ መካከል ቆሞ ቀረ። አንዳንዶቹ ተሳፋሪዎች ልቡ ደንዳና ነው ብለው አጉረመረሙ። ለእኔ ግን በዚያ ቀን ካየሁት ቸርነት ሁሉ ይህ የመጀመሪያው ነበረ፤ ምክንያቱንም ለተማሪዎች መግለጥ ይገባል።

ውኃ በባሕር ወለል ከፍታ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል። ወደ ላይ በወጣን መጠን አየሩ ስለሚሳሳና ግፊቱ ስለሚቀንስ ቀድሞ ይፈላል፤ በደጀን ከፍታ ወደ 92 ዲግሪ ሲደርስ ይፈላል። መሐንዲሶች ይህን ለማሸነፍ የራዲያተሩን ክዳን አጥብቆ የሚዘጋ አድርገው ሠሩት። ስለዚህ ውኃው በውስጥ ታፍኖ ከ100 ዲግሪ በላይ ቢግልም እንኳ እንፋሎት ሳይሆን ውኃ እንደ ሆነ ይቆያል። ክዳኑ በድንገት በተከፈተ ጊዜ ግን ያ የታፈነው ውኃ በቅጽበት ወደ እንፋሎት ተለውጦ ይፈነዳል፤ የከፈተውንም ሰው ፊትና እጅ ይልጠዋል። ጨርቅ አያድንም። ደግሞም በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ በድንገት ቢፈስበት ብረቱ አንዱ ወገን ሲሸበሸብ ሌላው እንደ ሰፋ ስለሚቀር ይሰነጠቃል። የሸክላ ምጣድ ግሎ ሳለ ውኃ ቢፈስበት እንደሚሆነው ማለት ነው። እንግዲህ መድኃኒቱ መቆየት ብቻ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ቢያንስ፥ በቆላ ሙቀትም ከዚያ የሚበልጥ። እናቱ የሞተችበትን ሰው ግማሽ ሰዓት ቆይ ማለት ቀላል ነገር አይደለም።

በዚህ መካከል ብዙ መኪናዎች አለፉን። ከትንንሾቹ አንዳንዱ ጡሩምባ እየነፋ፥ አንዳንዱም መስተዋቱን እንደ ዘጋ ሄደ። በከባዶቹ ላይ ግን አልፈርድም። ጭነት ያለው መኪና በዚያ ዳገት ላይ አንድ ጊዜ ከቆመ፥ እንደ ገና ለመነሣት ብዙ ኃይል ይጠይቃል፤ ፍሪሲዮኑም ይቃጠላል፥ ወደ ኋላ የመንሸራተትም ፍርሃት አለ። ስለዚህ ሲሚንቶ የጫነ አንድ ትልቅ መኪና ከእኛ አልፎ ጥቂት እንደ ሄደ ሲያቃስት ቆሞ ባየሁ ጊዜ እርሱም የተበላሸ መስሎኝ ነበረ። ለካስ ስለ እኛ ነው የቆመው።

ገና ጎማው መዞሩን ሳይጨርስ አንድ አሥራ ስምንት ዓመት ያህል የሚሆነው ረዳት ዘሎ ወረደና በኋለኛው ጎማ ሥር ታኮ ወሸቀ። ታኮ የሚባለው በሦስት ማዕዘን የተጠረበ ወፍራም እንጨት ነው። ስሙም እንደ ብዙዎቹ የጋራዥ ቃሎች ከኢጣልያ ቋንቋ የመጣ ሲሆን በእነርሱ ዘንድ የጫማ ተረከዝ ማለት ነው። የዚህ ልጅ ታኮ ቀዳዳ ነበረበት፤ በቀዳዳውም ገመድ አልፎ የገመዱ ጫፍ ከመኪናው ጭራ ጋር ታስሯል። ልጁ ከዚያ በኋላ ውኃ የሞላበት ጀሪካን ተሸክሞ ወደ እኛ መጣና፥

«ጋሼ፥ ይህ ይበቃችኋል ወይስ ሌላ ላምጣ?» አለ።

«ይበቃል፥ ተባረክ። ውኃስ አለኝ። አንድ ሰው ግን ብትወስዱልኝ።»

ነገሩን በነገሩት ጊዜ የከባዱ መኪና ነጂ ከመቀመጫው ሳይወርድ በሩን ከፍቶ ጎልማሳውን በእጁ ጠራው። ጎልማሳውም ሲወጣ ከኪሱ ገንዘብ አወጣ። ሰውየው «ለቀብር የሚሄድ ሰው ሒሳብ አይከፍልም፤ ደጀን ድረስ እኔ፥ ከዚያ ወዲያ የሚያደርስህ አናጣም» ብሎ መለሰለት። አሮጊቲቱ የስልኩን ቁጥር ተቀበሉት። መኪናው በጭንቅ ተንቀሳቀሰ። ልጁም ገመዱን ስቦ ታኮውን አነሣና በሩጫ ተከትሎ ተንጠላጠለ። በቆሙበት ስፍራ ምንም አልቀረም። ነጂያችን መታጠፊያው እስኪሰውራቸው ድረስ ያንን ገመድ ተመለከተ።

ሞተሩ እስኪበርድ ድረስ በጥላ ተቀምጠን ሳለን ድንጋዮቹን ስለ ምን እንደ ቆጠረ ጠየቅሁት። በመጀመሪያ ዝም አለ። ቀጥሎም በወጣትነቱ የከባድ መኪና ረዳት እንደ ነበረ ነገረኝ። አንድ ሌሊት በጣርማ በር ዳገት መኪናቸው ቆሞ አራት ድንጋይ ደገፉለት። ሞተሩ በተነሣ ጊዜ ብርዱ ጽኑ ነበረና፥ አለቃውም ተሳፈር ብሎ ጮኸበትና፥ ድንጋዮቹን በመንገድ ላይ እንደ ነበሩ ትተው ሄዱ። በማግስቱ ሲመለሱ በዚያው ዳገት አንዲት ትንሽ የጭነት መኪና ተገልብጣ፥ በጠርዙም ላይ አንድ ሰው በጋቢ ተሸፍኖ አዩ።

«ሰዎች ድንጋይ ነው ይሉ ነበር» አለኝ። «የእኛ ድንጋይ ይሁን የሌላ ሰው፥ መምህር፥ እስከ ዛሬ አላውቅም። በዚያ ዳገት ላይ የቀረ ድንጋይ ብዙ ነበረ። አለቃዬ አላቆመም፤ እኔም አቁም አላልኩትም። የእኛ መሆኑን ባውቅ ንስሐ እገባ ነበር። አለመሆኑንም ባውቅ እተኛ ነበር።»

ከዚህ በላይ አልተናገረም። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ሁሉ በመንገድ አደጋ የሞተው ሰው 1.19 ሚሊዮን ነው። እኔ ይህን ቁጥር በሌላ ቀን ባነበብሁ ጊዜ በልቤ የመጣው ያ ጋቢ ነበረ። ብዙ ሰው የመንገድ አደጋን ሲያስብ የሚያስበው የሚሮጠውን መኪና ነው። ሳይሮጥ የሚገድለውን፥ አንዱ ለራሱ ደኅንነት አምጥቶ ለሌላው የተወውን ግን እምብዛም አያስበውም። ድንጋዩን ያስቀመጠው ሰው ክፉ አይደለም። በጨነቀው ጊዜ ፈልጎ አግኝቶታል፤ ጭንቁ ባለፈ ጊዜ ግን ድንጋዩ ከዓይኑ ይጠፋል። ይህ የሁላችንም ጠባይ ነው። በጭንቅ ሰዓት የያዝነውን ሁሉ በደስታ ሰዓት መጣል ይቀናናል።

ሞተሩ በበረደ ጊዜ ነጂው ከመቀመጫው በታች የአሮጌ ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ፥ ነጂዎች ከነመዳሪ የሚሉትን፥ አውጥቶ እንደ መቀነት በቀጭኑ ቆረጠው። በተሰነጠቀው ቱቦ ላይም እየሳበ ደራርቦ ጠቀለለውና በሽቦ አሠረው። ቀስ እያለ ውኃ ጨመረ፤ ክዳኑንም እስከ መጨረሻ አላጠበቀውም፤ ግፊቱ የታሠረውን ስፍራ እንዳይከፍተው ነው። እንዲህ ያለ ጥገና እስከ ከተማ ለመድረስ ብቻ እንደሚሆን፥ ከዚያ አልፎ በእርሱ መሄድ ድፍረት እንደሆነም ነገረን።

ሞተሩ ተነሣ፤ ሰዎቹም እልል አሉ፥ ወደ መቀመጫቸውም ተሻሙ። ነጂው ግን አንድ ጎረምሳ ተሳፋሪ ፍሬኑን ረግጦ እንዲይዝ አድርጎ እርሱ ወረደ። መጀመሪያ ቅጠሎቹን ከሁለቱም መታጠፊያ አነሣ። ከዚያም ከጎማዎቹ ሥር አራቱን፥ ከኋላም ሁለቱን ድንጋይ እየተሸከመ ከመንገድ ውጭ ወደ ቦዩ ወረወረ። ሦስተኛው አልተገኘም። ወደ ታች ወረደ፤ ተመልሶ ወጣ፤ እንደ ገናም ወረደ። በመኪናው ውስጥ ያለው ሙቀት እንደ ምድጃ ነበረ። አሮጊቲቱ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው፥

«ልጄ፥ አንድ ድንጋይ ነው እኮ! ፀሐዩ ገደለን» አሉት።

«እማማ፥ አንድ ነው የሚበቃው።»

እኔና ሁለት ሌሎች ሰዎች ወርደን አብረነው ፈለግን። ከሚያልፉት መኪናዎች የአንዱ ጎማ ገፍቶት ኖሮ፥ ከታችኛው መታጠፊያ ወዲያ በመንገዱ መካከል ተኝቶ አገኘነው። ከላይ የሚወርድ ነጂ መታጠፊያውን ሳይዞር ሊያየው አይችልም ነበረ። ከእርሱም ጥቂት ወረድ ብሎ በዘይት የጠቆረ ሌላ ድንጋይ ነበረ። የእኛ አልነበረም፤ ከእኛ በፊት የቆመ የሌላ ሰው ነው። ነጂው ሁለቱንም አነሣ። ስምንት ሆኑ ብዬ ቀለድሁ፤ እርሱ ግን አልሳቀም።

ደጀን የደረስነው ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ነው። ለቱቦው የሚሆን ዕቃ በዚያ ቀን ስላልተገኘ አደርን። ማታ አሮጊቲቱ ለጎልማሳው ስልክ ደወሉለት። ከደጀን አንድ ሌላ መኪና ወስዶት፥ ፍትሐቱ ሳያልቅ ደርሶ በእናቱ ላይ አፈር እንደ መለሰ ነገራቸው። «ነጂውን ክንዴን ስለ ያዘኝ ይቅር በለኝ በሉልኝ» ብሏል፤ ይቅር በለኝ ማለቱ በልቡ ተቆጥቶት ስለ ነበረ ይመስለኛል። አሮጊቲቱም መልእክቱን እንደ ተናገረው ሳያጎድሉ አደረሱ።

በማግስቱ ጧት ቱቦው እስኪገጠም ድረስ ነጂው ወደ አንድ አናጢ ሄዶ ከወፍራም የባሕር ዛፍ ግንድ ሁለት ታኮ አስጠረበ። አናጢው ሥራውን ጨርሶ ሲሰጠው አልተቀበለውም፤ መሐሉን ብሳልኝ አለው። አናጢው ቀዳዳው ለምን እንደሚሆን ቢጠይቀውም መልስ አላገኘም። ነጂው ከገበያ ሁለት ክንድ ገመድ ገዝቶ በቀዳዳዎቹ አሳለፈና ጫፎቹን ከመኪናው ኋላ ካለው ብረት ጋር ቋጠረ። ቋጠሮውንም ሁለት ጊዜ እየሳበ ከፈተነው በኋላ ግቡ አለን።